የኮሪያ ምሁራን ምን ሠሩ? ለተማሪዎቼ የምነግረው ፈልጌ ነው

የደብረ ብርሃኗ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ የሳይንስ ክበቡንም የምይዘው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ክበብ ላይ “ስለ ኮሪያ ምን ታውቃላችሁ?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ድራማ አሉ። ሳምሰንግ አሉ። አንዷ ልጅ “የአያቴ አባት ቃኘው ሻለቃ ነበሩ” አለች፣ ሁሉም ዞሮ አያት። ከዚያ ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጁን አውጥቶ “ቲቸር፣ እነሱም በጦርነት ወድመው አልነበር እንዴ? ታዲያ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?” አለኝ። “በትምህርት ነዋ” ብዬ አለፍኩት። ቤቴ ገብቼ ግን መልሴ መልስ እንዳልሆነ ገባኝ። ልጁ የጠየቀኝን ያህል አልመለስኩለትም።

ስለዚህ እርዱኝ። የፋብሪካና የስልክ ታሪክ አይደለም የምፈልገው። የኮሪያ ተመራማሪ ቁጭ ብሎ የደከመበትን፣ ሳይንስም ይሁን ታሪክ ወይ ቋንቋ፣ ልጅ ሰምቶ ማታ ለእናቱ የሚያወራውን ዓይነት ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ኪም፣ ሊ፣ ፓርክ እያለ ሺህ ሰው ይመጣብኛል፣ ማን ማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ሌላም አለ። አንድ ባልደረባዬ “ያን ሴል ሠራሁ ብሎ ዓለምን ያታለለውን ፕሮፌሰር እንዳታነሺ፣ ልጆቹን ተስፋ ታስቆርጫቸዋለሽ” አለኝ። ላንሳው ወይስ ልተወው? ክበቡ የፊታችን አርብ ነው። 40 ደቂቃ አለኝ።

ዘር አዳቃዩ

እህቴ፣ ከማድ ቤት ጀምሪ። እኔ ቅባት እህሎች ላይ ነው የምሠራው፣ ለአንቺ የሚሆን ሰው አለኝ። ዉ ጃንግ ቹን ይባላል።

እፍኝ ጎመን ዘር በወረቀት ጠቅልለሽ ይዘሽ ግቢ። ልጆቹ ያውቁታል፣ እናታቸው ወቅጣ ምጣድ የምታስስበት ነው። መዳፋቸው ላይ ጥቂት ጥቂት ፍሬ አድርጊላቸው። ከዚያ “ይሄ ዘር እናትና አባቱ እነማን ናቸው?” በያቸው። መልሱን አስተካክሎ የጻፈው ኮሪያዊ ነው፣ በ1935። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ጥንታዊ የጎመን ዘመዳሞች አሉ። ጥቁር ሰናፍጭ በወሲብ ሴሉ ውስጥ 8 ክሮሞዞም አለው። ጥቅል ጎመን 9 አለው። ኪምቺ (የኮሪያውያን ቅመም ያለበት የኮመጠጠ ጎመን) የሚሠራበት የቻይና ጎመን የሚሉት ደግሞ 10። ዉ ያሳየው ሌሎች ሦስት ዝርያዎች ከእነዚህ ጥንድ ጥንድ እየተዳቀሉ የተወለዱ መሆናቸውን ነው። 8 ሲደመር 9፣ 17፤ ይሄ የእኛው የሐበሻ ጎመን ነው። 8 ሲደመር 10፣ 18፤ የህንድ ሰናፍጭ። 9 ሲደመር 10፣ 19፤ የካኖላ ዘይት የሚጨመቅበት። በመቁጠር ብቻም አላበቃም፣ ባለ 10ሩን ከባለ 9ኙ ጋር አዳቅሎ ባለ 19ኙን ራሱ አስገኘው። ያኔ ብዙ ሰው አዲስ ዝርያ የሚመጣው ከአንድ ግንድ በመለያየት ብቻ ነው ብሎ በሚያስብበት ጊዜ፣ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተጋብተውም አዲስ እንደሚወልዱ በተክል ላይ አሳየ ማለት ነው።

ሰሌዳ ላይ ሦስት ማዕዘን ሳዪ። ጫፎቹ ላይ 8፣ 9፣ 10 ጻፊ፣ መስመሮቹ መሐል ድምሩን። የሚያስፈልግሽ ይሄው ነው። ስሙ እስከ ዛሬ “የኡ ሦስት ማዕዘን” ነው። “ኡ” የቤተሰብ ስሙ በጃፓንኛ ሲነበብ ነው፣ እሱ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው።

አባቱ በ1895 የኮሪያዋ ንግሥት ሚን ሲገደሉ በሴራው እጁ የነበረበት የጦር መኮንን ነው። ወደ ጃፓን ሸሸ፣ በኋላ እዚያው ተገደለ። እናቱ ጃፓናዊት ናት። ልጁ ተወልዶ ያደገው ጃፓን ነው፣ ኮሪያ የገባው በ1950 ዕድሜው 50 ካለፈ በኋላ፣ ቋንቋውን እንኳ እንደ ልብ ሳይችል። ኮሪያ ከጃፓን ግዛት ነፃ ስትወጣ የኪምቺ ጎመንና የነጭ ራዲሽ ዘር የሚመጣበት መንገድ ተቋርጦባት ነበር። በመጣ በጥቂት ወራት ጦርነቱ ፈነዳ። እሱ ግን ቡሳን አካባቢ ባለው ጣቢያው ሆኖ ይመርጣል፣ ያዳቅላል፣ ዘር ይሰበስባል። እናቱ ጃፓን ሲሞቱ መንግሥት ሄዶ እንዲቀብር አልፈቀደለትም። ለልቅሶ ከየቦታው የመጣለትን ገንዘብ ለጣቢያው ጉድጓድ አስቆፈረበት፣ ስሙንም የእናት ጡት ምንጭ እንደማለት አለው። በ1959 ሞተ። አገሩ በራሷ ዘር ኪምቺ መብላት የጀመረችው በእሱ ድካም ነው።

ልጅሽ “ከየት መጣ?” ላለው፣ ለእኔ አንዱ መልስ ይሄ ነው። ከዘር ነው የጀመሩት።

ሰብለ ገ

ዘር አዳቃዩ ጥሩ ጽፈሃል። መምህርት፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልሽ፣ ስትፈልጊ “ዘር የሌለውን ሐብሐብ የፈጠረው ዉ ነው” የሚል ታገኚያለሽ። ልክ አይደለም። እሱን ያወጡት ጃፓኖች ናቸው፣ የኪሃራ ቡድን። ዉ ያደረገው ሳይንስ ምን እንደሚችል ለገበሬው ለማሳየት ኮሪያ ውስጥ አብቅሎ ማቅረብ ነው። ብዙ ኮሪያውያን ራሳቸው ትምህርት ቤት ውስጥ እሱ ፈጠረው ተብለው ነው ያደጉት። ያልሠራውን ካልጨመርንበት የሠራው ይበቃዋል።

ላቦራቶሪ 3

የቃኘው የልጅ ልጅ ላለችው ክፍል እኔ ያለኝን ልስጥ።

በጦርነቱ ጊዜ ከ3,000 በላይ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ማንም በማያውቀው በሽታ ታመሙ። ትኩሳት ይነሳል፣ ሰውነት ይደማል፣ ከዚያ ኩላሊት ሥራ ያቆማል። የሞተውም ብዙ ነው። አሜሪካኖች ገንዘብና ሐኪም አፍስሰው ዓመታት ፈለጉ፣ ምክንያቱን አላገኙትም። ጦርነቱ አበቃ፣ በሽታው ግን እዚያው ገበሬውንና ወታደሩን መያዙን ቀጠለ።

ሊ ሆ ዋንግ የሚባል የቫይረስ ተመራማሪ ነው ያገኘው። በ1976። በሽታው ካለበት አካባቢ የሜዳ አይጥ እያስያዘ ይመረምራል፣ ጀርባዋ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ያለባትን ትንሽዬ አይጥ። አይጧን በመያዝ ከሠሩት ረዳቶቹ በበሽታው የታመሙም አሉ። ቫይረሱ የተገኘው ሳንባዋ ውስጥ ነው። የአይጧን ሳንባ በስሱ ይቆርጣሉ፣ ከበሽታው የዳነ ሰው የደም ውሃ ያንጠባጥቡበታል፣ የሚያበራ ቀለም ይጨምሩበታል። የዳነው ሰው ደም በሽታውን ያውቀዋል፣ ይጣበቅበታል። ጨለማ ክፍል ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሳንባው ላይ ነጠብጣብ ብርሃን ይበራል። እኔ ይሄንን ዓይነት ምርመራ በሥራዬ ስላየሁት ነው፣ ሁሉም ነገር ጥቁር ሆኖ ነጥቦቹ አረንጓዴ ሆነው ብልጭ ሲሉ የሚሰጠውን ስሜት ለልጆች ብትገልጪላቸው ደስ ይለኛል።

ስሙን በወንዝ ሰየመው፣ ሃንታን ወንዝ። የእኛ ቃኘዎች የተዋጉበት መካከለኛው ግንባር ከዚያ ወንዝ አገር ብዙ አይርቅም። “ሃንታ ቫይረስ” ሲባል የምንሰማው ከዚያ የመጣ ነው። በ1990 ክትባቱም ወጣ፣ እሱ ራሱ ነው የሠራው። በ1993 አሜሪካ ውስጥ ወጣቶች ባልታወቀ የሳንባ በሽታ ድንገት ሲሞቱ፣ ደማቸው ከእሱ ቫይረስ ዘመድ ጋር እንደተዋወቀ ስለታየ ነው ምክንያቱ ቶሎ የተደረሰበት።

ብራና

ሳይንሱን እነሱ ብለውታል። እኔ የታሪክ ሰው ነኝ፣ አንዲት ሴት ላንሳ። ይቺን ሴት ሳነሳ ሁሌም ሆዴ ይባባል።

ፓርክ ብዮንግ ሶን በ1955 ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ ስትሄድ መምህሯ አንድ አደራ ሰጧት። በ1866 የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ጋንግህዋ ደሴት ላይ ያለውን የንጉሥ ቤተ መጻሕፍት አቃጥሎ መጻሕፍት ዘርፎ ሄዷል፣ የት እንደገቡ ፈልጊ አሏት። 1866 ማለት ከመቅደላ በ2 ዓመት ይቀድማል። የእኛ መጻሕፍት በእንግሊዞች ዝሆን ተጭነው ከመውረዳቸው ከ2 ዓመት በፊት የእነሱም በመርከብ ሄዷል።

ፓሪስ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀጠረች። እዚያ ስትሠራ መጀመሪያ ሌላ ነገር አገኘች፣ ጂክጂ የሚባል የቡድሂስት መጽሐፍ። መጨረሻው ገጽ ላይ በ1377 ከቾንግጁ ከተማ ውጭ ባለ ገዳም በተቀለጠ የብረት ፊደል ታተመ ይላል። ማንም ልብ አላለውም ነበር። እሷ በብረት ፊደል የታተመ ስለመሆኑ ማስረጃ እየሰበሰበች ቆየች፣ በ1972 ለዓለም ቀረበ። አውሮፓ ውስጥ በብረት ፊደል ከታተመው ከጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስ በ78 ዓመት ይቀድማል። በኋላ ቾንግጁ ውስጥ ቤት ሊሠራ መሬት ሲቆፈር የገዳሙ መሠረት ራሱ ተገኘ።

የመምህሯን አደራ ግን አልረሳችም። በ1975 በቬርሳይ ባለው የቤተ መጻሕፍቱ ቅርንጫፍ፣ የተጎዱ መጻሕፍት በሚከማቹበት፣ ትልልቅ ሰማያዊ ልባስ ያላቸውን ጥራዞች አገኘቻቸው። የቤተ መንግሥት ሥርዓት መዝገቦች ናቸው፣ ሠርጉ፣ ቀብሩ፣ ሰልፉ ሁሉ በቀለም ሥዕል እያንዳንዱ ሰውና ፈረስ ሳይቀር የተሳለባቸው። 297 ጥራዝ። ነገሩን ይፋ ስታወጣ ሥራዋን አጣች። አልተወችውም። እንደ ማንኛውም አንባቢ በፊት በር እየገባች፣ እያስወጣች፣ እያንዳንዱ ውስጥ ያለውን እየጻፈች ከ10 ዓመት በላይ ቀጠለች። ያ ዝርዝር ነው በኋላ ለድርድሩ መሠረት የሆነው፣ ምን እንደተወሰደ ሳይታወቅ መልሱ ማለት አይቻልምና። በ2011 መጻሕፍቱ ሴኡል ገቡ። ስጦታ አይደለም፣ በየ5 ዓመቱ የሚታደስ ውሰት ነው በወረቀቱ ላይ፣ ግን ገቡ። እሷም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ፓሪስ ሞተች። ጂክጂ አሁንም ፓሪስ ነው።

መምህርት፣ ተማሪዎችሽ ውስጥ አንድ ልጅ ተነስቶ የመቅደላን መጻሕፍት ዝርዝር ልይዝ ቢል፣ እኔ ያለኝን ሁሉ እሰጠዋለሁ። የምሬን ነው።

ዴጆን ነኝ

ሰላም መምህርት። እኔ ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጆን ከተማ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፣ ኢንጂነሪንግ። አራተኛ ዓመቴ ነው። ቲቸር፣ የፕሮፌሰሩን ታሪክ ያንሱት። አደራ አይተዉት። ግን እስከ መጨረሻው ያንሱት።

ህዋንግ ዉ ሶክ የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፕሮፌሰር ነበር። በ2004ና በ2005 ከክሎን (ከአንድ አካል ከተቀዳ ግልባጭ) የተገኘ የሰው ግንድ ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል፣ አገኘሁ ብሎ በታላቁ የአሜሪካ የሳይንስ መጽሔት አወጣ። አገሩ እንደ ጀግና ተቀበለው፣ ቴምብር ታተመለት። የማይነገረው ግማሽ ይኸውና፣ ያጋለጡት ራሳቸው ኮሪያውያን ናቸው። አብሮት ይሠራ የነበረ ወጣት ለቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ጥቆማ ሰጠ። ፕሮግራሙ ሲተላለፍ ሕዝቡ በጋዜጠኞቹ ላይ ተነሳ፣ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ጥለው ወጡ። ከዚያ ታኅሣሥ ላይ ወጣት ባዮሎጂስቶች የሚጻጻፉበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው ጥናቱ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጎ “የተለያዩ ሴሎች የተባሉት አንድ ፎቶ ናቸው፣ እዩ” አለ። ሌሎቹ ገብተው ሌላም አገኙ። ጥር 2006 የራሱ ዩኒቨርሲቲ አጣርቶ ውሸት ነው አለ። 11 የተባሉት ሴሎች አንድም አልነበሩም። ከእሱ ቡድን እውነት ሆና የቀረችው ስናፒ የምትባለዋ ውሻ ብቻ ናት፣ እሷ በእርግጥ ክሎን ነበረች። ባልደረባዎ ልጆቹ ተስፋ ይቆርጣሉ ብለው ፈርተው ነው፣ ይገባኛል፣ ነገር ግን ልጆቹ ከመላው አገር ጭብጨባ ፊት ፎቶ ቆጥሮ “ይሄ ልክ አይደለም” ያለ ወጣት እንዳለ ቢሰሙ ምን ይጎዳቸዋል?

“ከየት መጣ” ለሚለው፣ በ1966 ኪስት የሚባል የምርምር ተቋም በአሜሪካ እርዳታ ሴኡል ተከፈተ። ውጭ አገር የቀሩ ኮሪያውያን ሳይንቲስቶችን እየጠሩ፣ ቤት እየሰጡ፣ ከዩኒቨርሲቲ መምህር የሚበልጥ ደመወዝ እየከፈሉ አመጡ። አገሪቱ ያኔ ድሃ ነበረች። ከዚያ በ1973 እኔ ያለሁበት የዴጆን የምርምር ከተማ ተጠነሰሰ። ዛሬ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ወደ 5 በመቶ ለምርምር ይውላል፣ በዓለም ከቀዳሚዎቹ ነው።

ሁሉም ግን አልጋ በአልጋ አይደለም። በ2024 መንግሥት የምርምር በጀቱን በአንድ ጊዜ ወደ 15 በመቶ ቀነሰው። በዚያው ዓመት የካቲት አንድ ተመራቂ በምረቃው ቀን ፕሬዚዳንቱ ንግግር ሲያደርጉ ተነስቶ “በጀቱን መልሱ” ብሎ ሲጮህ ጠባቂዎች አፉን ይዘው አወጡት። ከእኛም ቤተ ሙከራ አብሮኝ ሌሊት ሲሠራ የነበረ ልጅ የፕሮጀክቱ ብር ስለተቆረጠ ጥሎ ሄደ። ጠረጴዛው ላይ የነበረች የቡና ኩባያውን እስካሁን አላነሳናትም። በሚቀጥለው ዓመት በጀቱ ተመለሰ፣ እሱ ግን አልተመለሰም። የቤተ ሙከራ ኑሮም ከባድ ነው፣ ቅዳሜ የለ እሑድ የለ፣ ታላቅን ማክበር ጥሩ ሆኖ ሳለ ፕሮፌሰሩ ተሳስተዋል ብሎ መናገር ደግሞ ጭንቅ ነው። የህዋንግ ጉዳይም የተበላሸው አንዱ በዚህ ነው፣ ከሥሩ የሚሠሩ ሴት ተመራማሪዎች እንቁላላቸውን ለምርምሩ እስከ መስጠት ደርሰው ነበር።

በሕይወት ያሉ ከፈለጉ ሁለት ልስጥዎ። ናሪ ኪም፣ ሴት ናት፣ ሴኡል። ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉት ትንንሽ ሞለኪውሎች ሴል ውስጥ እንዴት ተቆርጠው እንደሚዘጋጁ፣ ቆራጩ ድሮሻ የሚባል ኢንዛይም እንደሆነ በ2003 አሳየች። በ2020 ኮሮና ሲመጣ የቫይረሱን አር ኤን ኤዎች ካርታ በሚያዝያ ወር ያወጣው የእሷ ቡድን ነው። ሁለተኛው ጁን ኸ፣ የሒሳብ ሰው። ገጣሚ መሆን አምሮት ሁለተኛ ደረጃ አቋርጦ ነበር። ዩኒቨርሲቲ መጨረሻው ላይ አንድ ጃፓናዊ የሒሳብ ሊቅ እንግዳ ሆነው ሲያስተምሩ ገብቶ ነው ወደ ሒሳብ የዞረው። በ2022 በሒሳብ ከታላላቆቹ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የፊልድስ ሜዳሊያ አገኘ። ያን ዝምተኛ ልጅ አስቤ ነው ይሄን የጻፍኩት።

ስለ ስሞቹ፣ ከአምስት ኮሪያዊ አንዱ ገደማ ኪም ነው፣ በቤተሰብ ስም አይፈልጉ። ሙሉ ስሙን ከተቋሙ ጋር ያድርጉ። ሪስ በሚባለው የኮሪያ የጥናት መፈለጊያ ላይ የመመረቂያ ጽሑፎች ሳይቀሩ አሉ፣ የታሪክና የቋንቋ ጥናቶቹ አብዛኞቹ በኮሪያኛ ቢሆኑም ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ አላቸው።

ቋንቋ ወዳዷ

ቋንቋም ብለሻል ስለዚህ አጠር ላድርግልሽ። በጃፓን ዘመን ጥቂት ምሁራን ተሰብስበው የኮሪያኛ መዝገበ ቃላት ጀመሩ። ከየአውራጃው ቃል ይለቅማሉ። በ1942 ፖሊስ ያዛቸው፣ ሁለቱ እስር ቤት ሞቱ፣ የእጅ ጽሑፉም በማስረጃነት ተወሰደ። የስንት ዓመት ልፋት ጠፋ ተባለ። ነፃነት በወጡ በወሩ፣ መስከረም 1945፣ ሴኡል ባቡር ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ተገኘ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1947፣ ስድስተኛውና የመጨረሻው በ1957 ታተመ። በመሐል ጦርነቱ አለ።

የደብረ ብርሃኗ መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አርብ አለፈ። ሁሉንም ማድረስ አልቻልኩም፣ 40 ደቂቃው በጎመን ዘር፣ በአይጧና በፓርክ አለቀ። የህዋንግን ለሚቀጥለው አቆይቼዋለሁ፣ ባልደረባዬም መጥቶ ሊሰማ ተስማምቷል።

ሦስት ማዕዘኑን ስስል 8ና 9ን ብቻ ጽፌ ድምሩን ልጆቹ እንዲሉት አደረግሁ። “17!” ብለው ጮኹ፣ ከዚያ ይሄ የእናታችሁ ጎመን ዘር ነው ስላቸው መዳፋቸውን ዘርግተው ዝም ብለው አዩት። የቃኘው የልጅ ልጅ የወንዙን ስም ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ ቤት ልትጠይቅ። ዝምተኛው ልጅ ሲወጣ ቆሞ ጠበቀኝ። “ቲቸር፣ 17 መሆኑን በእኛ ማይክሮስኮፕ ማየት እንችላለን?” አለኝ። ዘር አዳቃዩ፣ እንችላለን? ማይክሮስኮፓችን አንድ ነው፣ ትልቁ ሌንስ ግን ይሠራል።

ዘር አዳቃዩ

ይቻላል፣ ግን በጎመን አትጀምሩ፣ የጎመን ክሮሞዞም በጣም ደቃቅ ነው፣ ልጁ መጀመሪያውኑ ይሰለቻል። በቀይ ሽንኩርት ጀምሩ። ሽንኩርቱን ውሃ ባለው ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጡት፣ ሥር ሲያወጣ ጫፉን ጠዋት ላይ ቁረጡ። 16 ናቸው፣ ትልልቅ ናቸው፣ ይታያሉ። ክሮሞዞሙን የሚያቀልመው አሴቶካርሚን ቀለም ከሌላችሁ በውስጥ መስመር አድራሻ ላኪልኝና በአውቶቡስ እልክልሻለሁ። ወደ ጎመን ዘር ስትመጡ ደግሞ ለልጁ አስቀድመሽ ንገሪው፣ በሥር ሴል ውስጥ ጥንድ ሆነው ስለሚኖሩ የሚቆጥረው 17 ሳይሆን 34 ነው፣ ተሳሳትኩ ብሎ እንዳይተወው።